የሚያስረፍድሽ ፈጣኑ መንገድ ሳይሆን መግቢያው ነው

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ኢንጂነር። ጅማ ተወልጄ ያደግኩ አካውንታንት ነኝ። አሁን አዲስ አበባ፣ ሳሪስ አካባቢ ሥራ አግኝቻለሁ። የባለቤቴ ቤተሰቦች አዳማ ስላሉ እዚያ ብንከራይ ይረክስልናል። ፈጣን መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ነው። በ120 ብነዳው ከ45 ደቂቃ በታች ይወስድብኛል። ሰዎች ግን ‹ተይ፣ ትራፊኩ ያማርርሻል› ይሉኛል። በአንድ አቅጣጫ ሦስት ረድፍ ያለው መንገድ እንዴት ይጨናነቃል? አደጋ ሳይኖርስ መኪናው ሁሉ ለምን ይቆማል? ደግሞ ጅማም መጨናነቅ ጀምሯል። እኛም አንድ ቀን እንደ አዲስ አበባ እንሆን ይሆን?»

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ለአዲሱ ሥራ እንኳን ደስ አለሽ። የኪራይ ውል ሳትፈርሚ መጠየቅሽም ጥሩ ነው። ብዙ ሰው ይህን የሚጠይቀው ዕቃውን ጭኖ ከገባ በኋላ ነው።

ሂሳብሽ ልክ ነው። 85 ኪሎ ሜትር በ120 ሲነዳ 42 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ግን ፈጣን መንገዱ የሚያልቀው ቱሉ ዲምቱ ላይ ነው፤ ሳሪስ ድረስ አይወስድሽም። የክፍያ ጣቢያውን አልፈሽ በቃሊቲ በኩል ሳሪስ እስክትደርሺ ድረስ ከሲኖትራኩም፣ ከታክሲውም፣ ከአውቶቡሱም ጋር እኩል ትሰለፊያለሽ። ያንቺ ጠዋት የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው።

የጅማ ሰው ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልገውም። ግቤን ተሻግረን፣ ወልቂጤንና ወሊሶን አልፈን ሰበታ ስንደርስ «ገባን» ብለን እንደውላለን። ከዚያ ካራ ቆሬ፣ አየር ጤና፣ ጦር ኃይሎች። ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ያለ ሰልፍ መጥተን የመጨረሻዋ ቁራጭ ላይ እንቀልጣለን። የሚጠብቀን ዘመድ ቡናውን ሁለቴ ያፈላል። በአዳማ በኩል የሚገባ ሰውም ነገሩ ያው ነው። ልዩነቱ በዚያ በኩል ከመግቢያው በፊት ያለው መንገድ በጣም ጥሩ መሆኑ ነው። ጥሩ መንገድ ደግሞ ሰውን መግቢያው ላይ ቶሎ ቶሎ ያከማቻል።

እስቲ በቁጥር እንየው። በፈጣን መንገድ ላይ አንድ ረድፍ፣ ሁሉም ነገር ከተስተካከለ፣ በሰዓት ወደ 2,000 መኪና ያሳልፋል። ከዚያ ብዙም አይዘልም። በሾፌሮች መካከል ሁለት ሰከንድ ገደማ ክፍተት ያስፈልጋላ። ሦስቱ ረድፍ ሲደመር 6,000 ነው። አሁን ወደ ክፍያ ጣቢያ ነይ። አንድ መስኮት ላይ ሾፌሩ ወረቀቱን ሰጥቶ፣ ከፍሎ፣ መልስ ተቀብሎ እስኪሄድ 12 ሰከንድ ፈጀ እንበል። መስኮቱ በሰዓት 300 መኪና ያሳልፋል ማለት ነው። የአንዱን ረድፍ መኪና ብቻ ለማስተናገድ ሰባት መስኮት ያስፈልጋል። ለሦስቱ ረድፍ ሃያ። አንድ ሾፌር «ዝርዝር የለኝም» ብሎ አንድ ደቂቃ ቢፈጅ አምስት መኪና የሚያልፍበትን ጊዜ በላ።

ጣቢያውን አለፍሽ እንበል። ቀጥሎ መብራት ወይም አደባባይ አለ። መብራት ግማሹን ጊዜ ለሌላው አቅጣጫ ከሰጠ፣ አንድ ረድፍ በሰዓት የሚያሳልፈው ወደ 900 ይወርዳል። ፈጣን መንገዱ ላይ 2,000 ያስተናገደው ረድፍ መብራቱ ላይ ግማሹንም አይችል። ትርፉ የት ይሄዳል? የትም አይሄድም፤ ይሰለፋል። ወፍጮ ቤት ጤፍ ተሸክሞ የሚመጣው ሰው ከወፍጮው ፍጥነት ከበለጠ፣ ግቢውን ብታሰፊው ወረፋው አይፈርስም። ግቢው ውስጥ የሚቆመው ሰው ብቻ ይበዛል። በእኛ ሙያ ይህችን ቦታ ማነቆ እንላታለን። መንገዱ በሙሉ የሚያሳልፈው ማነቆው የፈቀደለትን ያህል ነው።

አሁን የምነግርሽ ነገር ሰዓትሽን ለመምረጥ ይጠቅምሻል፤ በደንብ አንብቢው። ማነቆው በሰዓት 3,000 መኪና ያሳልፋል እንበል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ደግሞ 3,600 መኪና መጣ። በ2 ሰዓት ላይ 600 መኪና ተሰልፏል። ያኔ የደረሰ ሰው 12 ደቂቃ ይቆማል። ከ2 እስከ 3 ሰዓት የሚመጣው መኪና ልክ 3,000 ቢሆንስ? መንገዱ የሚችለው ያህል ብቻ መጣ ማለት ነው። ሰልፉ ግን አይቀንስም። ሰዓቱን ሙሉ የመጣ ሁሉ እነዚያን 12 ደቂቃዎች ይቆማል። ሰልፉ እንዲያልቅ የሚመጣው መኪና ከአቅም በታች መውረድ አለበት። 2,400 ቢሆን እንኳ ለመጽዳት አንድ ሙሉ ሰዓት ይፈጃል። «አሁን እኮ መኪናው ብዙም አይደለም፣ ለምን ቆምን?» የሚባለው ለዚህ ነው። የቆምሽው ካንቺ በፊት በመጡት ሰዎች ሰልፍ ነው።

ይኸው ሂሳብ ደስ የሚል ጎንም አለው። 3,600 የነበረው መኪና በ10 በመቶ ቢቀንስ 3,240 ይሆናል። ትርፉ 240 ብቻ ነው። ጥበቃው ከ12 ደቂቃ ወደ 5 ደቂቃ ገደማ ይወርዳል። መኪናው የቀነሰው በአንድ አሥረኛ ነው፤ ጥበቃው ግን ከግማሽ በላይ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ የነዳ ሰው ይህን በዓይኑ አይቶታል። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ መንገዱ ይተነፍሳል። ከተማው ባዶ ስለሆነ አይደለም። ጠዋት ልጅ ለማድረስ የሚወጣው መኪና ብቻ ነው የቀረው። መስከረም ሲገባ ያው ሰልፍ ይመለሳል።

የስዊድን ዋና ከተማ ስቶክሆልም ይህንን አስባበት ሠርታለች። እ.ኤ.አ. በጥር 2006 ወደ መሐል ከተማ የሚገባና የሚወጣ መኪና እንደየሰዓቱ እንዲከፍል አደረገች። ሙከራው ሰባት ወር ነበር። የክፍያውን መስመር የሚያቋርጠው መኪና ወደ 20 በመቶ ቀነሰ። መግቢያዎቹ ላይ የነበረው ሰልፍ ከዚያም በላይ ቀነሰ። ሙከራው ሲያበቃ መኪናው በአብዛኛው ተመለሰ፤ በ2007 ነሐሴ ክፍያው ቋሚ ሆነ። ይህን የማነሳው አዲስ አበባ ነገ ታስከፍል ለማለት አይደለም። አማራጭ ትራንስፖርት በሌለበት ማስከፈል ግፍ ነው። ግን ሰልፍን ለመቀነስ ግማሹን መኪና ማስወጣት እንደማያስፈልግ ማወቁ ተስፋ ይሰጣል።

አደጋ ሳይኖር መኪና ለምን ይቆማል ላልሽው፣ ጃፓኖች ቁልጭ አድርገው አሳይተውታል። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ዙሪያው 230 ሜትር በሆነ ክብ መንገድ ላይ 22 መኪና አሰለፉ። ሾፌሮቹን «በ30 ገደማ እኩል ንዱ» አሏቸው። መብራት የለም፣ እግረኛ የለም፣ መጋጠሚያ የለም። ጥቂት ቆይቶ አንዱ ትንሽ ተጠጋና ፍሬን ነካ። ከኋላው ያለው ትንሽ ጠንከር አድርጎ ያዘ። ሦስተኛው ይበልጥ። ወዲያው ሙሉ በሙሉ የሚቆሙ መኪኖች ታዩ። መቆሙ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ አልረጋም። መኪኖቹ ወደፊት እየሄዱ መቆሙ ግን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ኋላ እየተጓዘ ከአንዱ ወደ ሌላው ተላለፈ። አንቺም አንድ ቀን መንገዱ መሐል ቆመሽ፣ ከዚያ ድንገት ተለቆ፣ ዞር ዞር ብለሽ ምንም ምክንያት ስታጪ ይህን አስታውሺ። ምክንያቱ ከብዙ ደቂቃ በፊት ሩቅ ፊት የነካ አንድ ፍሬን ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። መኪና አንዴ ከቆመ በኋላ ማነቆው ራሱ የሚያሳልፈው ቁጥር ይቀንሳል። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ልኬቶች ከ5 እስከ 15 በመቶ እንደሚወርድ ያሳያሉ። ሾፌሩ ማርሽ አስገብቶ፣ የፊተኛውን አይቶ እስኪነሳ ጊዜ ይባክናላ። ስለዚህ ከመቆም በዝግታ መሄድ ይሻላል። ለንደንን የሚዞረው ኤም 25 አውራ ጎዳና ላይ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ትራፊኩ ሲበዛ የፍጥነት ወሰኑ ዝቅ የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ሾፌሩን ለማዘግየት አይደለም፤ እንዳይቆም ነው።

ካንቺ የሚጠበቀው ቀላል ነው። ከፊትሽ ካለው መኪና ሁለት ሰከንድ ራቂ። ያ ክፍተት የሌላው ሰው ፍሬን ወደ አንቺ ሳይደርስ የሚሞትበት ቦታ ነው። ሰው እየገባብኝ ያስቸግረኛል ትያለሽ። ይግባ። አንድ መኪና ገባብሽ ማለት ሁለት ሰከንድ አጣሽ ማለት ነው፤ ከዚያ አይበልጥም። ረድፍ ሲጠብ ደግሞ ሁለቱም ረድፍ እስከ ጫፍ ሄዶ አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ መግባት ነው ያለበት። ገና ከሩቅ ተጠምዝዞ መሐል ላይ መቆም ሁለቱንም ረድፍ ያስራል።

አሁን ወደ ፍጥነት። 85 ኪሎ ሜትሩን በ120 ፋንታ በ100 ብትነጂው 51 ደቂቃ ይሆናል። ልዩነቱ 8 ደቂቃ ተኩል ነው። ለዚህች ደቂቃ ብለሽ አትቸኩዪ። መኪና በ120 ሲሄድ የሚሸከመው ጉልበት በ100 ከሚሸከመው 44 በመቶ ይበልጣል፤ ፍሬን ከተያዘ በኋላ እስኪቆም የሚሄደው ርቀትም በዚያው መቶኛ ይጨምራል። ያችኑ ደቂቃ ከአልጋ ቀደም ብሎ በመነሳት ታገኛታለሽ፤ እንዲያውም ከነወለዷ። ሰልፉ እያደገ ባለበት ሰዓት፣ ቅድም በሰጠሁሽ ቁጥር ብናሰላው፣ ማነቆው ላይ 10 ደቂቃ ቀድማ የደረሰች ሰው ከማነቆው የምትወጣው 12 ደቂቃ ቀድማ ነው። ከዚህ ሰልፍ ጀርባ ያለውን ሐሳብ በ1969 (እ.ኤ.አ.) ያሰላው ዊሊያም ቪክሪ የሚባል የኢኮኖሚ ባለሙያ ነው፤ በ1996 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ነጥቡ ይህ ነው፦ ሁሉም በአንድ ሰዓት ለመድረስ ሲፈልግ፣ ያችን ሰዓት ሰው በገንዘብ ካልገዛት ሰልፍ ላይ በመቆም ይገዛታል።

ሦስት ረድፍ ያለው ሰፊ መንገድ እንዴት ይጨናነቃል ላልሽው ደግሞ፣ መልሱ ያንቺው ደብዳቤ ውስጥ አለ። ፈጣን መንገዱ እ.ኤ.አ. በ2014 ባይከፈት ኖሮ አዳማ ተቀምጦ ሳሪስ መሥራት ወደ ሐሳብሽ ይመጣ ነበር? በዱከምና በሞጆ በኩል በአሮጌው መንገድ፣ ከጂቡቲ ከሚመጣው ከባድ መኪና ኋላ ተሰልፎ? አይመጣም ነበር። መንገዱ ስለተሻለ አንቺም፣ ሌላውም ሰው ቤቱን ራቅ አድርጎ ለመያዝ ያስባል። ያ ነፃነት ነው፤ ማንንም የሚያስወቅስ አይደለም። ግን ሁሉም ያንኑ ካሰበ በመግቢያው የሚመጣው መኪና ይጨምራል። አሜሪካዊው አንተኒ ዳውንስ ይህን በ1962 ጽፎታል። ጊልስ ዱራንቶንና ማቲው ተርነር በ2011 የአሜሪካን ከተሞች መረጃ አገላብጠው፣ የመንገዱ ርዝመት በጨመረ መጠን የሚነዳው ኪሎ ሜትርም በዚያው ልክ ገደማ እንደሚጨምር አሳዩ። ሂውስተን ውስጥ ኬቲ የሚባለው አውራ ጎዳና በ2008 ሲጠናቀቅ፣ የጎን መንገዶቹ ተቆጥረው በሰፊው ቦታው 26 ረድፍ ደረሰ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በሥራ መውጫ ሰዓት የሚፈጀው ጊዜ ጨመረ።

ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው መንገድ መሥራት ከንቱ ነው» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። የአዲስ–አዳማ መንገድ የአገሪቱን የገቢና የወጪ ዕቃ የሚሸከም መስመር ነው። እግረኛና ከብት የማይሻገረው፣ ባጃጅ የማይገባበት መንገድ ነው። ይህ ሕይወት ያድናል፤ ገንዘብም ያድናል። እንዲህ ያለ መንገድ ከተማን ከከተማ ለማገናኘት ወደር የለውም። ሠላሳ ሺህ ሰው በአንድ ሰዓት ወደ አንድ ከተማ በየግል መኪናው ለማስገባት ግን አይችልም። የሚችል መንገድ በዓለም ላይ የለም።

ታዲያ አንቺ ምን አድርጊ? ቁርጡን ልንገርሽ። በየቀኑ ብቻሽን መኪና እየነዳሽ ከአዳማ መመላለሱን አልመክርሽም።

ወጪውን እዪው። ፈጣን መንገዱ ብቻ ደርሶ መልስ 170 ኪሎ ሜትር ነው። በወር 22 የሥራ ቀን ካለሽ 3,740 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ የከተማውን ሳንቆጥር። መኪናሽ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ቢበላ በወር ወደ 300 ሊትር ነው። በዛሬው የነዳጅ ዋጋ አባዢው። የመንገድ ክፍያውን በቀን ሁለቴ ደምሪበት። ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትር የምትቀይሪ ከሆነ በየአምስትና ስድስት ሳምንቱ ጋራዥ ነሽ። ጎማው አለ። ይህን ሁሉ ከኪራዩ ልዩነት ጎን አስቀምጪው። ብዙ ጊዜ ርካሹ ቤት ርካሽነቱ እዚህ ላይ ያልቃል።

ቢሾፍቱ ብትሆኚስ? ኪሎ ሜትሩ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ነዳጁም እንዲሁ። መግቢያው ግን ያው መግቢያ ነው። ሰልፉ ከየት እንደመጣሽ አይጠይቅሽም። ስለዚህ ቤት ስትፈልጊ መጠየቅ ያለብሽ «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ብቻ አይደለም። «ከማነቆው ወዲህ ነኝ ወዲያ?» ብለሽ ጠይቂ። ሳሪስ ለምትሠራ ሰው አቃቂ ወይም ቃሊቲ ያለ ቤት፣ ኪራዩ ትንሽ ወደድ ቢል እንኳ፣ ከቱሉ ዲምቱ ወዲህ ያስቀምጥሻል። መኪናው ቢበላሽም ታክሲ አለ።

አዳማ መኖሩ የግድ ከሆነ፣ ልጆች ስላሉ ወይም እናት ስለታመሙ፣ ያኔ መኪናሽን ብቻሽን አትንጂ። መጀመሪያ መሥሪያ ቤትሽ ወይም የጎረቤት ድርጅት ሰርቪስ እንዳለው ጠይቂ። 60 ሰው የጫነ አውቶቡስ መንገድ ላይ የሚይዘው የሁለት ወይም የሦስት መኪና ቦታ ነው። ሰርቪስ ከሌለ ሦስት አራት ሰው ሆናችሁ በአንድ መኪና ግቡ፤ ነዳጁንና ክፍያውን ተካፈሉ። እንዲህ የሚያደርጉ ሠራተኞች አሉ፤ ሹፌሩም በተራ ስለሚሆን ሌሎቹ እንቅልፋቸውን ይጨርሳሉ። ሌላው መንገድ መኪናሽን ቃሊቲ በኩል በጥበቃ ቦታ አቁመሽ በቀላል ባቡሩ መግባት ነው፤ መስመሩ እስከዚያ ይወርዳል። ይህን ከመወሰንሽ በፊት ግን አንድ ጠዋት ጣቢያው ላይ ቆመሽ ባቡሩ በስንት በስንት ደቂቃ እንደሚመጣ፣ ሲመጣም ቦታ እንዳለው እዪ።

ውል ሳትፈርሚ አድርጊልኝ የምልሽ አንድ ነገር አለ። አዳማ ዘመድ አለሽ አይደል? እዚያ እደሪና በሥራ ሰዓት ሞክሪው። ሰኞን አትዝለዪ፤ በሳምንቱ መሐልም ሌላ ቀን ጨምሪ። እሑድ ተነድቶ የሚሞከር ነገር የለም። አራት ሰዓቶች ጻፊ፦ ከቤት የወጣሽበት፣ ቱሉ ዲምቱ የደረሽበት፣ ክፍያውን የጨረሽበት፣ ሳሪስ የደረሽበት። የመጀመሪያው ቁራጭ በየቀኑ ተመሳሳይ ይሆናል። የኋለኞቹ ሁለቱ ግን ይለዋወጣሉ። አለቃሽን የሚያስቆጣው አማካዩ አይደለም፤ ክፉው ቀን ነው። ስለዚህ የምትነሺበትን ሰዓት በክፉው ቀን አስልተሽ ያዢ። መሥሪያ ቤትሽ በ2፡30 ፋንታ 1፡30 ገብተሽ ቀደም ብለሽ እንድትወጪ ከፈቀደልሽ ደግሞ ግማሹ ችግር ተፈታ። ሥራ ስትደራደሪ ስለ ደመወዝ ብቻ አታውሪ፤ ስለ መግቢያ ሰዓትም አውሪ።

ወደ ጅማችን ልምጣ።

የጅማ ነገር ይለያል። ወደኛ ከተማ ከአዲስ አበባ፣ ከአጋሮ፣ ከቦንጋና ከዴዶ የሚመጡ መንገዶች ይገባሉ። ከሰርቦ፣ ከየቡ፣ ከሰቃ ጨቆርሳ ለሥራ የሚመጣው ሰው በብዛት የሚሳፈረው በሕዝብ መኪና ነው እንጂ የራሱን አይነዳም። ከተማ ውስጥ ደግሞ ባጃጅና እግር ነው። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ሰው «መኪና የለንም» ብሎ ሲያዝን እኔ የማየው ገና ያልተበላሸ ነገር ነው። የኛ ማነቆ የመንገድ ጥበት አይደለም። የመንገዱ ዳር ነው።

አጂፕ አካባቢ ጠዋት ቆመሽ እዪ። ባጃጁ መጋጠሚያው አፍ ላይ ይቆማል፤ ተሳፋሪ እዚያ ስላለ ነው። ሴትዮዋ ዘንቢሏን ታወጣለች። ከመቀነቷ ብር ትፈታለች። ሹፌሩ ዝርዝር የለውም፤ ከጎኑ ያለውን ባጃጅ ይጠይቃል። ከኋላ አይሱዙው ክላክስ ይነፋል። ሌላ ባጃጅ ሊያልፍ ወደ ግራ ይወጣና ከፊት ከሚመጣው ጋር ይፋጠጣል። አሁን የተዘጋው ሁለቱም አቅጣጫ ነው። ማንም ክፉ አልሠራም። ሴትዮዋ መውረድ አለባት፤ ሹፌሩም ገንዘቡን መቀበል አለበት።

ይህ ምን ያህል እንደሚያስከፍለን እናስላ። አንድ ረድፍ በየሁለት ሰከንዱ አንድ ተሽከርካሪ ቢያሳልፍ በሰዓት 1,800 ነው። በየደቂቃው ለ15 ሰከንድ አንድ ባጃጅ ረድፉን ቢይዝ ሩቡ ጠፋ፤ 1,350 ቀረ። የሚመጣው 1,600 ቢሆን፣ ሳይዘጋ በቂ የነበረው መንገድ በሰዓት 250 ተሽከርካሪ ያሰልፋል። ለእያንዳንዱ 7 ሜትር ብንሰጠው ሰልፉ 1,750 ሜትር ነው። አስፋልቱ አንድ ስንዝር አልጠበበም። የጠፋው 15 ሰከንድ ነው።

ሐሙስ ደግሞ ሌላ ነው። የሄርማታ የሐሙስ ገበያ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ከገጠሩ ሁሉ ሰው ይመጣል። ጋሪው፣ አህያው፣ ሸክም ያዘለው ሰው፣ የጭነት መኪናው አንድ ላይ ይገናኛሉ። ይህን «መጨናነቅ» ብሎ መጥራት ራሱ ትንሽ ይከብደኛል፤ ከተማው የቆመው በዚህ ገበያ ነውና። ገበያውን ማባረር መፍትሔ አይሆንም። የጭነት መኪናው ጠዋት ከ1 ሰዓት በፊት አራግፎ እንዲወጣ ማድረግ ግን ይቻላል። የእግረኛ መንገዱ ላይ ዕቃ እንዳይዘረጋም እንዲሁ። ዕቃው እግረኛ መንገዱን ሲይዝ እግረኛው አስፋልት ላይ ይወርዳል፤ እግረኛው ሲወርድ አንድ ረድፍ ይጠፋል።

እንደ አዲስ አበባ እንሆን ይሆን ብለሻል። ባጃጅ ሦስት ሰው ይጭናል፤ ቀኑን ሙሉ ሲዞር ስንቱን እንደሚያመላልስ አስቢው። ያ ሁሉ ሰው አንድ አንድ መኪና ገዝቶ የጅማው መርካቶና ፈረንጅ አራዳ ዳር ካቆመ አዎ፣ እንሆናለን። ምንም ያህል መንገድ ብናሰፋ አያድነንም። ከተማችንን የሚያቋርጠውን የአዌቱን ወንዝ የሚሻገሩት ድልድዮች ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም ሰው እነሱን መርገጡ አይቀርም። ከአሁኑ መሥራት ያለብን ሰው መኪና ሳይገዛ በሰላም እንዲሄድ ነው። ጥላ ያለው የእግረኛ መንገድ፣ በሰዓቱ የሚመጣ የከተማ አውቶቡስ፣ ቦታው የታወቀ የባጃጅ ማቆሚያ። ትምህርት ቤቶችም ሁሉም በአንድ ደወል ባይገቡ፣ በግማሽ ሰዓት ቢለያዩ፣ ያ ያልኩሽ 10 በመቶ ወዲያው ይገኛል።

ከሁሉ አስቀድመህ አንዱን ምረጥ ብባል ግን የባጃጁን ማቆሚያ እመርጣለሁ። ከመጋጠሚያው አፍ ተነስቶ ሠላሳ ሜትር ያህል ከመጋጠሚያው ማዶ ይሁን፤ ባጃጁ ከረድፉ ወጥቶ የሚቆምበት ኪስ ይኑረው። ሴትዮዋ እዚያ በእርጋታ ትውረድ፤ ዝርዝሩም ይፈለግ። ይህ መንገድ ለማስፋት ቤት ማፍረስ አይጠይቅም። የተወሰነ የድንጋይ ጠርዝ ማስገባት፣ ነጭ ቀለም፣ ምልክት፣ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ደግሞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት የሚቆም ትራፊክ ይበቃዋል። ሹፌሮቹን አስቀድሞ ሰብስቦ ማነጋገርም ያስፈልጋል፤ ተሳፋሪው የት እንደሚጠብቅ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

አዳማ አድረሽ ስትሞክሪ የጻፍሻቸውን አራቱን ሰዓቶች ላኪልኝ። ከኪራዩ ልዩነት ጋር አድርገን አብረን እናሰላዋለን።